ነዳጁን የበላው ወንድሜ ነው ወይስ መኪናዬ?

ጤና ይስጥልኝ።

የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ሞተሯ 1.3 የሆነች ትንሽ የቤንዚን አውቶሞቢል አለችኝ። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን መንገድ ላይ አቁማኝ አታውቅም። በሳምንት ሁለት ቀን ታናሽ ወንድሜ ይይዛታል። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ አሁን 26 ዓመቱ ነው።

ከሦስት ወር ወዲህ መኪናዋ ነዳጅ መብላት ጀመረች። ድሮ ፉል አድርጌ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ ሳደርገው 500 አካባቢ ስደርስ ነበር የነዳጅ መብራቱ የሚበራው። አሁን 390 ላይ ይበራል። ጓደኛዬን ሳማክራት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ወንድምሽ የት የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቹ ባሉበት «ለመሆኑ መኪናዬን የት ስታዞራት ነው የምትውለው?» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከዛሬ ወዲያ አትጠራጠሪም እትዬ» ብሎ ወጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ስልኬን አያነሳም።

አንድ መካኒክ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይቀየሩ አለኝ። ሌላው ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ ነው አለ። በሰው ምክር ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በተረፈ መኪናዋ ደህና ናት። የኋላ ፍሬን ሸራዋን ከሦስት ወር በፊት አስቀይሬላታለሁ። ሞተሯም አይሞቅም፣ እንደውም የሙቀት ቀስቱ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ቼክ ኢንጅን አልበራም። ልጄ ብቻ አዲሱ ትምህርት ቤቷ ስንደርስ በኋላ ቀኝ በር ስትወርድ «እማዬ፣ ላስቲክ የተቃጠለ ይሸተኛል» ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት ግቢው እስኪከፈት መኪና ውስጥ ሆነን ስለምንጠብቅ፣ ከሞተሩ የሚመጣ ሽታ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ወንድሜን ይቅርታ ልጠይቀው አስብና፣ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝስ እላለሁ። የሚገርመው እሱ ቁልፉን ከመለሰ በኋላ የሞላሁትም ያው ቶሎ አለቀ። መኪናዋን ልሽጣት? ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እህት

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው የከበደኝ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ገረመኝ፤ የጠየቅሽውን አብዛኛውን ነገር አንቺው ራስሽ መልሰሽዋል።

ከወንድምሽ እንጀምር፤ መኪናዋ ትቆይ።

«የት ስታዞራት ነው የምትውለው» ብለሽዋል። እሺ፣ ሲያዞራት ዋለ እንበል። ያኔ ነዳጁ በቀን ቶሎ ያልቃል እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። መቁጠሪያው የእሱንም መንገድ እየቆጠረ 500 ድረስ መሄዱን አይተውም ነበር። ሁለት ሳምንት የሚቆየው ፉል በዘጠኝ ቀን ቢያልቅ ኖሮ «ማን ወሰዳት?» ብለሽ ብትጠይቂ ያስኬዳል። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ሌላ ነው። ያው ነዳጅ ድሮ 500 ያስኬድ ነበር፣ አሁን 390። የጠቋሚውን ቀስትና መብራቱን ያህል ብቻ ብናምን፣ መብራቱ እስኪበራ 35 ሊትር ፈጀች እንበል። ድሮ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ አሁን 9 ሊትር ገደማ ማለት ነው። መኪናዋ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የምትበላው ጨምሯል። ይህን ደግሞ ወዳጅ ዘንድ መሄድ አያመጣውም።

አነዳዱስ ብትዪኝ ትክክል ነሽ። ነዳጅ ጭልጥ አድርጎ የሚረግጥ፣ ከዚያ ወዲያው ፍሬን የሚይዝ እግር በተጨናነቀ መንገድ ላይ ፍጆታውን ክፉኛ ይጨምራል። ግን እሱ የሚይዛት በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ የጣልሻት ዓረፍተ ነገር አለች። ቁልፉን ከመለሰ በኋላ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ነዳጁ ግን ያው ቶሎ አልቋል። ይህን ስትጽፊ «የሚገርመው» ብለሽ ነው ያለፍሽው። እኔን ያልገረመኝ ለምን ይመስልሻል? እያወቅሽው መቀበሉ ከብዶሽ እንደሆነስ? ልጅ ሆኖ ያሳደግሽውን ሰው በስህተት መጠርጠር ለራስ መናገር እንኳ ይጨንቃል።

በአንቺ አልፈርድም፤ እኔም ጉዴን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ መኪናዬ ላይ ከፋብሪካው ልክ ከፍ ያለ ጎማ አስገጠምኩ፣ አቋሟ አማረልኝ። ከዚያ ነዳጅ ጨመረች። አንድ ወር ሙሉ ነዳጅ የሚቀዳልኝን ልጅ በክፉ ዓይን ሳየው ከረምኩ፤ ጎንበስ ብዬ ማሽኑን ሁሉ እቆጣጠረው ነበር። ለካስ ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ መቁጠሪያው ግን የሚቆጥረው ዙሩን ነው። የሄድኩት መንገድ በወረቀት ላይ አጥሮ ታየኝ እንጂ የጠፋው ነዳጅ ያሰብኩትን ያህል አልነበረም። ልጁ ዛሬም አያውቅም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። (አንቺ የጎማ ልክ ቀይረሽ ከሆነ ይህንንም አስቢው። ካልቀየርሽ ተይው።)

ስለዚህ ይቅርታውን ከመካኒኩ መልስ ጋር አታያይዢው። መኪናዋ ምንም ትሁን ምን፣ ጓደኞቹ ፊት መጠየቁ ለብቻው ጎድቶታል። ለእሱ አንቺ እህት ብቻ አይደለሽም፤ እናትም ነሽ። ከእናት የመጣ ጥርጣሬ በሰው ፊት ሲሆን ሆድ ያስብሳል። ስልክ ካላነሳ አጭር መልእክት ጻፊለት። ሰበብ አትደርድሪ፣ «ግን አንተም» የምትል ነገርም አትግባበት። «ጓደኞችህ ፊት እንደዚያ ማለቴ ስህተት ነው። ነዳጁም ያንተ ጉዳይ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። ይቅርታ» ብትዪው ይበቃል። ወዲያው ካልመለሰ አትቆጪ። ሦስት ሳምንት የከረመ ኩርፊያ በአንድ መልእክት ላይነሳ ይችላል።

አሁን ወደ መኪናዋ።

በደብዳቤሽ ውስጥ «በተረፈ መኪናዋ ደህና ናት» ካልሽ በኋላ ሦስት ነገር ዘርዝረሻል። ደህና ናት ለማለት ያመጣሻቸው ናቸው፤ እኔ ግን ሦስቱንም በጥርጣሬ ነው ያየኋቸው።

አንደኛው ፍሬኑ ነው። ሸራው የተቀየረው ከሦስት ወር በፊት፣ ነዳጁ የጨመረው ከሦስት ወር ወዲህ። ልጅሽ በኋላ ቀኝ በር ስትወርድ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታታል። ሞተሩ ያለው ፊት ለፊት ነው አይደል? ታዲያ የሞተር ሽታ ለምን ከኋላ ይመጣል? አዲስ ሸራ ሲገባ አጥብቀው ካስተካከሉት ወይም የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሙሉ በሙሉ ካልተለቀቀ፣ እግርሽን ከፍሬን ላይ ብታነሺም ሸራው ጎማውን እንደያዘ ይሄዳል። ሞተሩ መኪናዋን መግፋቱ ሳያንስ ፍሬኑንም ይጎትታል። አንድ ሰው በሩን እየገፋ ሌላው ከውስጥ እየደገፈው ማለት ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ግን ላብ ያስወጣል። ይህን ደግሞ ቼክ ኢንጅን አያሳይሽም። የሞተሩ ኮምፒውተር የፍሬን ሸራ መያዙን የሚያይበት ዓይን የለውም።

ራስሽ ማየት ትችያለሽ። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ንጂያት፤ የግድ ካልሆነ በቀር ብዙ ፍሬን አትያዢ። ሜዳ ቦታ አቁሚና መዳፍሽን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጊ። እንዳትነኪያቸው፣ የያዘ ፍሬን ቆዳ ይልጣል። ከዚያ ጥቂት የውሃ ጠብታ በጣትሽ እርጪባቸው። ደህናው እርጥብ ሆኖ ዝም ይላል። የያዘው ግን «ጭስ» ብሎ ውሃውን ያተነዋል። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ሞቅ ቢሉ አትደንግጪ፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የምታወዳድሪው የኋላ ቀኙን ከኋላ ግራው ጋር ነው። በአንዱ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ነገሩን አገኘሽው። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ጠርጥሪ።

ከተያዘ ቀጠሮ አታስረዝሚ። የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ታገሺ እልሽ ነበር። በጣም የጋለ ፍሬን ግን በሚያስፈልግሽ ሰዓት አቅም ሊያጣ ይችላል፣ ኋላ የምትቀመጠው ደግሞ ልጅሽ ናት። ሸራውን ወደገጠመው ጋራዥ ተመለሺና መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ዓይንሽ እያየ ይሁን። በነፃነት መዞር አለበት። ጥቂት መፋጨት ይኖራል፣ ግን አንድ ሁለት ዙር ሳይዞር ቀጥ ማለት የለበትም። ምናልባት ሸራውን ማላላት ብቻ ይበቃል።

የምትሸተው ሽታ የቤንዚን ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን የምጀምረው በዚያ ነበር። መፍሰስ አለ ማለት ነውና እስክትታይ ድረስ ሞተሯን እንዳታስነሺ እልሽ ነበር። አንዴ ልጅሽን ደግመሽ ጠይቂያት፤ በደንብ ታስታውስ።

ሁለተኛው «ሞተሯ አይሞቅም» ያልሽው ነው። በደስታ ነው የጻፍሽው፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀት ስለሆነ አይገርመኝም። ግን ሞተር መሞቅ አለበት። በሞተሩና በራዲያተሩ መሃል ቴርሞስታት የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መንገዱን ዘግታ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እንዲዞር ታደርጋለች። ሙቀቱ በአብዛኛው መኪና ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ትከፍታለች። ክፍት እንደሆነች ከቀረች ውሃው ገና ከማለዳው ወደ ራዲያተር እየሮጠ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ የውሃው ሙቀት ዝቅ ብሎ ሲያይ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ይልና እንደ ማለዳ ነዳጅ እያበዛ ይሰጠዋል፤ ቀኑን ሙሉ። ቀስቱ ድሮ የት ነበር የሚቆመው? መሃል ላይ ከነበረና አሁን ከዚያ ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ በተለይ ፈጠን ብለሽ በምትሄጂበት ሰፊ መንገድ ላይ ይበልጥ የሚወርድ ከሆነ፣ ቴርሞስታቷ አለቀች ማለት ይቻላል። ኢንጀክተሮች ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ነው። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን የራዲያተር ክዳን አትክፈቺ፣ ማንም እንዲከፍትም አትፍቀጂ።

ሦስተኛው አንቺን ይመለከታል፤ እንዳትቀየሚኝ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ነው ብለሻል። ከመቼ ጀምሮ ነው? ግቢው እስኪከፈት ስትጠብቁ ሞተሩን ታጠፊዋለሽ? የትንሽ መኪና ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይፈጃል። በቀን 40 ደቂቃ ብትጠብቂ በሳምንት አምስት ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል። ሁለት፣ ሦስት ሊትር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሄጂበት ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማለዳ ገና ባልሞቀ ሞተር የሚሄዱት አጭር መንገድ ከሁሉም በላይ ነዳጅ ይበላል። መልሱ ቀላል ነው። ስትቆሙ አጥፊው፤ ሬዲዮ ለሃያ ደቂቃ በደህና ባትሪ ይሠራል።

ጎማን ነፋስ ማስለካት አልረሳሽም ብዬ አምናለሁ። ከረሳሽ፣ ሳትነጂያት ጠዋት በቀዝቃዛው አስለኪ። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ነው፣ በእሱ አታስነፊ።

ሰዎች ያስቀየሩሽን በተመለከተ፣ ካንዴላው ጊዜው ከደረሰ አልከሰርሽም። ፊልትሮው ግን የቆየ ምክር ነው። ነዳጁን ያለ ኮምፒውተር ከአየር ጋር በሚቀላቅል ካርቡሬተር በሚሠሩት የድሮ መኪኖች የታፈነ ፊልትሮ ነዳጅ ያስበላል። ኢንጀክተር ባላቸው ግን ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር እየለካ ነዳጁን ስለሚቀንሰው፣ ጉልበቷ ይደክማል እንጂ ፍጆታዋ እምብዛም አይቀየርም።

ኢንጀክተርና ፓምፕ ያሉሽን ሰዎች አላጥላላም፣ ሊሆንም ይችላል። ግን አንዲት ጥያቄ ጠይቂያቸው። «በምን አወቅከው?» በያቸው። በጆሮ ሰምቼ፣ በልምድ የሚልሽ ካለ አመስግነሽ ውጪ። የሞተሩን ኮምፒውተር በማሽን ማስነበብ ይቻላል፣ መብራት ባይበራም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሚሠራ ይታያል። ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ ካልራቀ፣ በጥቅሉ ከአሥር በመቶ በታች ወዲህና ወዲያ ከሆነ፣ የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ ጤነኛ ነው ለማለት ያስደፍራል። ያኔ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጊው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቴርሞስታት፣ አነዳድ። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ከዜሮ በታች ሃያ በመቶን ካለፈ ግን የሆነ ቦታ ነዳጅ እየበዛ ነው፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ያን ጊዜ ይጠረጠራል። ይህን ንባብ ሳታዪ ኢንጀክተር አታስቀይሪ።

አንድ ነገር አደራ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታሠሪ። ፍሬኑን አስተካክለሽ ፉል አድርጊ። ማሽኑ የመጀመሪያዋን ጊዜ «ቀጭ» ሲል አቁሚ፤ ለመሙላት ብለሽ አታስጨምሪ። መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጊ። ታንኩ ሩብ ያህል ሲቀር፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቦታ፣ እንደገና እስከ መጀመሪያዋ «ቀጭ» አስሞዪ። የገባውን ሊትር በሄድሽው ኪሎ ሜትር አካፍለሽ በ100 አባዢው። 27 ሊትር ገብቶ 360 ከሄድሽ 7.5 ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አትመኚ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመሽ አማካዩን ያዢ። ከዚያ ነው ወደ ቴርሞስታቷ የምትሄጂው። እንዲህ ካልሆነ መኪናዋ ብትድንም የቱ እንዳዳናት ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።

መሸጡን ለጊዜው እርሺው። ስድስት ዓመት ያላስቸገረች መኪና የጠበቀ ሸራና አንዲት ቴርሞስታት ይዛ በርካሽ ከእጅሽ ስትወጣ፣ ገዢው በሳምንቱ አስተካክሎ ይስቅብሻል።

ወንድምሽ መልስ ከሰጠሽና አየሩ ከለሰለሰ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ምርመራ ከእሱ ጋር አድርጊው። እርቅ ብለሽ አትሰይሚው። አንቺ ትነጃለሽ፣ እሱ ውሃውን ይረጫል። ቁልፉን ራስሽ አታቀብዪው፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ይቆይ። ሲፈልግ እሱ ያነሳዋል።

የቱ ጎማ «ጭስ» እንዳለ ጻፊልኝ። እኔ በልጅሽ አፍንጫ ተማምኜ የኋላ ቀኝ ብያለሁ።